ቀይ ወርቅ በብርሃን

ወርቅ ቢጫ ነው ብለን ብቻ ብናስተምር ለተማሪው ግማሹን ደበቅነው ማለት ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በፎስፈረስ አማካይነት የሠራው የወርቅ ፈሳሽ ደማቅ ቀይ ነበር። ዛሬ ያለ ፎስፈረስም ይሠራል፤ ንጹሕ ወርቅ ውኃ ውስጥ ይቀመጥና የሌዘር ብርሃን በአጭር በአጭሩ ይተኮስበታል። የተመታችው ነጥብ ትተናለች። እንፋሎቱ ወዲያው ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ተሰባስበው በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ የሚለኩ ቅንጣቶች ይሆናሉ፤ ውኃውም እየቀላ ይሄዳል። ለምን ቢሉ፣ ቅንጣቶቹ አረንጓዴውን ብርሃን ውጠው ቀዩን ያሳልፋሉ።

ታዲያ እኛ ሌዘር ከየት እናምጣ? ፋራዴይ እንኳ ቅንጣቶቹን ያጋለጣቸው ብርሃን አሳልፎባቸው ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጠብታ ወተት ያለበት ብርጭቆ ውኃ ላይ የእጅ ባትሪ ብናበራ የብርሃኑ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለማወዳደሪያ ንጹሕ ውኃም ይቅረብ።