ሙቀት ውሻን አያሳብድም፤ ግን ሊገድለው ይችላል

ጥያቄ፦

ይድረስ ለእንስሳት ሐኪማችን። ቤቴ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ አለፍ ብሎ ነው። ግቢያችንን የሚጠብቅ ቦቢ የሚባል የአራት ዓመት ውሻ አለን። ቀን ቀን በር ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ እንፈታዋለን። ማደሪያውን ባለቤቴ ከጣሪያ ሥራ በተረፈ ቆርቆሮ ሠርቶለታል። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ልነሳ ሲል ይንገዳገዳል። ጎረቤታችን አይተው «ይኼ ውሻ ፀሐይ አናቱን መትቶት አብዷል፤ ልጆች ሳይነክስ አስገድሉት» አሉን። ልጆቼን ቤት አስገብቼ ከሩቅ በባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ማታ ላይ ተሻለው፤ አሁን ይበላል፣ ይጠጣል። እኔ ግን ሰላም አጣሁ። በእርግጥ ሙቀት ውሻን ያሳብዳል? ባለቤቴ ደግሞ ጸጉሩን እንላጨው ይላል። ድመትም አለችን፤ ፋሲካም እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?

አንባቢዎ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ

መልስ፦

እህቴ፣ ልጆቹን ማስገባትዎም ውሃውን ከሩቅ መድፋትዎም ትክክል ነበር። የቦቢን ሕይወት ያተረፈው ያ ባልዲ ውሃ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። ሙቀት ውሻን አያሳብድም። ጥማትም ረሃብም አያሳብደውም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚተላለፈው በበሽታው ከተያዘ እንስሳ ምራቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በንክሻ ነው። ውሻው ሳይነከስ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ብቻ ይህ ቫይረስ ከየትም አይመጣበትም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ የባሌ ተራሮችን ይመልከቱ። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በዚያ ብርድ አገር፣ ከቤት ውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ እዚያው ባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በሽታው የሙቀት ቢሆን ኖሮ ባሌ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ጎረቤትዎ ግን ያለ ምክንያት አልፈሩም። በሙቀት የተመታ ውሻና በቫይረሱ የተያዘ ውሻ ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ ሁለቱም ይንገዳገዳሉ። በዚህ የተነሳ በበጋ ማብቂያ ብዙ ጤነኛ ውሻ በዱላ ይሞታል፤ በተቃራኒው ደግሞ በእርግጥ የታመመውን «ውሃ ጠምቶት ነው» ብለው አፉ ውስጥ እጃቸውን የሚያስገቡ አሉ። ስለዚህ ልዩነቱን ይወቁት።

በሙቀት የተመታ ውሻ ሕመሙ የሚጀምረው ፀሐይ ላይ ወይም የታፈነ ቦታ በቆየበት ሰዓት ነው። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ድዱና ምላሱ ደም ይመስላሉ፤ ለሃጩ ይወፍራል፤ ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ራሱን ካልሳተ ጌታውን ያውቃል፤ በጊዜ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሻለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ጥላም ውሃም አያሽለውም። የውሻው ጠባይ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ ጭምቱ ይቆጣል፣ ቁጡው ይደበቃል። እንጨቱንም ብረቱንም ይነክሳል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላም ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ቦቢ በዚያው ቀን ተሽሎት እስከ ዛሬ የሚበላና የሚጠጣ ከሆነ፣ ያገኘው ሙቀት ነው ብሎ ማመን ይቻላል። ቢሆንም የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ከባድ ሙቀት ኩላሊትንና ጉበትን ጎድቶ ጉዳቱ ከቀናት በኋላ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ ካስጠላው አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ።

«አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ምን ሙቀት አለና ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በጥላ የሚለካው ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሻው ግን የሚውለው ጥላ ውስጥ አይደለም። ከተማችን በአማካይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትከርራለች። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ግቢና አጭር ሰንሰለት ሲጨመሩበት ውሻው ምጣድ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። የተዘጋ መኪናም ከዚህ አይለይም። ውጭው 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሚደርስ በአሜሪካ ተለክቷል፤ አብዛኛው ጭማሪ የመጣው በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ነው። መስኮቱን ትንሽ መክፈት እምብዛም አልጠቀመም። 22 ዲግሪ ደግሞ የእኛው ተራ ቀን ነው።

ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፤ ከመዳፉ ሥር ካለው ጥቂት ላብ በቀር ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 ዲግሪ እስከ 39 ትንሽ አለፍ ያለ ነው። 41 ሲደርስ አንጎል፣ አንጀትና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራሉ። ወፍራም፣ ያረጀ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ወይም ጸጉረ ብዙ ውሻ ቶሎ ይሸነፋል።

ዳግመኛ ቢደርስበት እንዲህ ያድርጉ። ፈጥነው ወደ ጥላ ይውሰዱት። ከቧንቧም ሆነ ከጄሪካን ያገኙትን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በአንገቱ፣ በሆዱና በብብቱ ላይ ደጋግመው ያፍስሱ፤ በካርቶንም ቢሆን ያራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ወዲያው ሞቆ ሙቀቱን ያፍነዋል። ራሱ ከጠጣ ይጠጣ፤ አፉን ከፍተው ግን አያጠጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ትንፋሹ ሲረጋ ማቀዝቀዙን ያቁሙና ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ያልተከተበ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ከሆነ ደግሞ ባለፈው እንዳደረጉት ከሩቅ ያፍስሱ፤ ወደ አፉ አይጠጉ፤ ግቢውን ዘግተው ሐኪም ይጥሩ።

ዋናው መድኃኒት ግን መከላከል ነው፤ የቦቢም ችግር ሰንሰለቱ ነው። ጥላ በየሰዓቱ ቦታውን ይቀይራል፤ የታሰረ ውሻ ግን ተከትሎት መሄድ አይችልም። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ቀትር ላይ ፀሐይ ይሆናል። የግቢው በር የሚዘጋ ከሆነ ቀንም ይፍቱት። መታሰር ካለበትም ቀኑን ሙሉ ጥላ ከማይለየው ከዛፍ ወይም ከቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ በረዘመ ሰንሰለት ይሁን። የቆርቆሮውን ቤት ማፍረስ አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ ሣር ወይም ጆንያ ደራርበው ይጣሉበት፣ ግድግዳውን በሁለት በኩል አየር እንዲያስገባ ይክፈቱት፣ ወለሉን በጣውላ ከመሬት ከፍ ያድርጉት። ውሃውን በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ፣ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ጠዋትና ቀትር ይቀይሩት። ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ለእሱም አንድ ጄሪካን ይያዝለት። ማንሸራሸር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን። አስፋልቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ እርስዎ ለጥቂት ሴኮንድ ካልቻሉት የእሱም መዳፍ አይችለውም።

ጸጉሩን እስከ ቆዳው አይላጩት። ጸጉር ከፀሐይ ቃጠሎ ይከላከለዋል። የረገፈውን በብሩሽ ማውጣት ይበቃል።

ስለ ፋሲካ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። በዐቢይ ጾም አብዛኞቹ ሉካንዳ ቤቶች ስለሚዘጉ ብዙ የሰፈር ውሻ 55 ቀን በእንጀራ ፍርፋሪ ይከርማል። የፋሲካ ዕለት ግን ጮማውና አጥንቱ በአንዴ ይወርድበታል። ሆዱ ይታወካል፤ ስቡ ቆሽቱን ሊያቆስለው ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዶሮ ወጥም አይስጡት፤ በውስጡ ያለው የሽንኩርት ብዛት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስብ የሌለው ጥቂት ሥጋ ከለመደው ምግብ ጋር ደባልቀው ይስጡት። ሳህኑ ላይ የተረፈውንም ያንሱ፤ በዚህ ሙቀት ምግብ ቶሎ ይበላሻል።

በዚህ ወቅት ቁንጫና መዥገርም ይበረታሉ። ለእህል ወይም ለትኋን የተሠራ ፀረ-ተባይ በእንስሳ ላይ አይርጩ፤ ብዙዎቹ ነርቭን የሚመርዙ ናቸው፤ ውሻው ራሱን ሲልስም ይውጣቸዋል። ለድመትዎ የበለጠ ይጠንቀቁ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ለእሷም ንጹሕ ውሃና ቀዝቃዛ ጥግ አይጥፋ፤ ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ለሐኪም የሚያደርስ ምልክት ነው።

በመጨረሻ፣ በደብዳቤዎ ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ፤ ቦቢ ተከትቧል? ካልተከተበ በዚህ ሳምንት ያስከትቡት። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይደገማል። ሰው ከተነከሰ ወይም ቁስሉን ውሻ ከላሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጠበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን አይተካም፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። የነከሰው ውሻ ከሞተም አይጣል፤ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ፤ አዲስ አበባ ፓስተር አካባቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራል።

በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ ቦቢን ብቻ አያስከትቡ። ጎረቤትዎን ጨምሮ የመንደሩን ሰው ያነጋግሩ፤ አንድ ቀን ቆርጣችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩና የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስከትቡ። ልጆቻችሁን ከእብደት የሚጠብቃቸው ክትባቱ ነው፤ ውሾቻችሁን ከሙቀት የሚጠብቃቸው ደግሞ ጥላና ውሃ ነው። ሁለቱንም አትንፈጓቸው።