«መላመድ» ወይስ ቀድሞ መገኘት? የሉሪያና የዴልብሩክ ስሌት ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያለው ትርጉም

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ባክቴሪያ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ የሚያገኘው መድኃኒቱን ካገኘ በኋላ ነው ወይስ አስቀድሞ? ይህን ጥያቄ በ1943 የመለሱት አንድ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ምሁርና አንድ የባክቴሪያ ተመራማሪ በጋራ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የመልሱን ሒሳባዊ መሠረት ያብራራል፤ ከዚያም ስሌቱን በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ላይ በመተግበር፣ ዘግይቶ መታከምና የመድኃኒት መቆራረጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ሊያስከትሉ የሚችሉትን አደጋ ይመረምራል። «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ስያሜ በአማርኛ የጤና ጽሑፎች ውስጥ የጸና ቦታ አለው። ቃሉ ግን አንድ ግምት አዝሎ ይመጣል። ደገኛ ወርዶ የቆላውን ሙቀት እንደሚላመድ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም ከመድኃኒቱ ጋር ውሎ አድሮ የለመደው ያስመስላል። እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ የባክቴሪያ ተመራማሪዎችም ነገሩን የሚረዱት በዚሁ መንገድ ነበር።

ማክስ ዴልብሩክ በጎቲንገን ቲዎሬቲካል ፊዚክስ የተማረና በ1933 ፎቶን በአቶም ኑክሌር መስክ ውስጥ ስለሚበተንበት፣ ዛሬ በስሙ ስለሚጠራው ክስተት የጻፈ ሰው ነው። ኒልስ ቦር በ1932 ስለ ብርሃንና ሕይወት ያደረገው ንግግር ወደ ሥነ ሕይወት ሳበው። ሳልቫዶር ሉሪያ በበኩሉ በጣሊያን ሕክምና ተምሮ በ1940 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነው። የሁለቱ የጋራ ጽሑፍ በ1943 ታተመ፤ በ1969ም ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

2. ሁለት መላምቶች፣ ሁለት ሥርጭቶች

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ባክቴሪዮፋጅ በሚባል ቫይረስ ሲጠቃ አብዛኛው ይሞታል፤ ጥቂቱ ግን ተርፎ ይራባል። የተረፉት ከየት መጡ?

የመጀመሪያው መላምት መቋቋም የሚፈጠረው ከቫይረሱ ጋር በሚደረግ ግንኙነት ነው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ እያንዳንዱ ባክቴሪያ የመትረፍ ዕድሉ ትንሽና እኩል ነው። በተለያዩ ቱቦዎች የሚገኙት የተረፉ ባክቴሪያዎች ብዛትም የፑዋሶን ሥርጭትን ይከተላል፤ ማለትም አማካዩና ቫርያንሱ እኩል ይሆናሉ።

ሁለተኛው መላምት መቋቋም ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ባክቴሪያው በሚራባበት ጊዜ በአጋጣሚ በሚከሰት ሚውቴሽን ይፈጠራል ይላል። በዚህ ጊዜ ወሳኙ ሚውቴሽኑ የተከሰተበት ሰዓት ነው። በመጨረሻው ክፍፍል የተከሰተ ሚውቴሽን አንድ ተቋቋሚ ብቻ ይተዋል፤ ከዚያ አሥር ትውልድ ቀድሞ የተከሰተ ግን 1,024 ወራሾች ይኖሩታል። ስለዚህ ብዙ ቱቦዎች ባዶ ሲሆኑ ጥቂቶቹ እጅግ ብዙ ተቋቋሚ ይይዛሉ፤ ቫርያንሱም ከአማካዩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሉሪያ ይህ ሐሳብ የመጣለት አንድ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት እየተመለከተ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ገልጿል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ግን በአንዴ ያጎርፋል።

የሙከራው ውጤት ግልጽ ነበር። ለየብቻ ካደጉ 20 ትናንሽ ቱቦዎች በ11ዱ አንድም ተቋቋሚ አልተገኘም፤ በአንዱ ግን 107፣ በሌላው 64፣ በሌላውም 35 ተገኙ። አማካዩ 11 ገደማ ሲሆን ቫርያንሱ ወደ 700 ይጠጋል። ከአንድ ቱቦ ብቻ ተደጋጋሚ ናሙና ሲወሰድ ግን አማካዩና ቫርያንሱ ተቀራራቢ ሆኑ። በቱቦዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ከአቆጣጠር ስሕተት የመጣ ሳይሆን በየቱቦው የዕድገት ታሪክ የተወሰነ ነበር ማለት ነው።

3. ዜሮ የሚሰጠው መረጃ

ባዶዎቹ ቱቦዎች በስሌቱ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። የሚውቴሽን ክስተቶች ቁጥር ራሱ የፑዋሶን ሥርጭትን ስለሚከተል፣ ምንም ክስተት ያልታየባቸው ቱቦዎች ድርሻ አማካዩን የክስተት ብዛት ይነግራል። ድርሻው 11 ለ20፣ ማለትም 0.55 ነው፤ የዚህ ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በአሉታ ሲወሰድ 0.6 ገደማ ይሰጣል። በአማካይ በአንድ ቱቦ የተከሰተው ሚውቴሽን 0.6 ብቻ ሲሆን፣ የተገኙት ተቋቋሚዎች ግን በአማካይ 11 ናቸው። ይህን አማካይ የክስተት ብዛት በቱቦው ውስጥ ለሚገኘው የባክቴሪያ ቁጥር በማካፈል የሚውቴሽን ምጣኔ ይገኛል። የሥርጭቱን ሙሉ ሒሳባዊ ቅርጽ በ1949 ያወጡት ሊና ኩልሰን ናቸው።

4. ከቱቦ ወደ ሳንባ

በ1970 ሁጎ ዴቪድ ይህንኑ ዘዴ በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ተጠቀመበት። በአንድ ትውልድ ለአንድ ባክቴሪያ ያገኘው ምጣኔ ለአይሶናያዚድ 2.56×10⁻⁸፣ ለሪፋምፒሲን 2.25×10⁻¹⁰ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ በሚፈጠር አንድ ጉድጓድ ከ10⁷ እስከ 10⁹ ባክቴሪያ ሊኖር እንደሚችል ይገመታል።

በአንድ ጉድጓድ 10⁸ ባክቴሪያ አለ እንበል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት አይሶናያዚድን የሚቋቋም ቢያንስ አንድ ሚውቴሽን የመከሰቱ ዕድል 92 በመቶ ገደማ ነው። ለሪፋምፒሲን ዕድሉ 2.2 በመቶ ነው። ሁለቱ በአንድ ባክቴሪያ ላይ ነጻ ሆነው የመገናኘታቸው ምጣኔ ግን የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም 5.8×10⁻¹⁸ ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያህል ባክቴሪያ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ አይገኝም። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ለሁለት ወር በአራት፣ ለተከታዮቹ አራት ወራት በሁለት መድኃኒቶች የሚሰጠው በዋናነት በዚህ ብዜት ላይ ተመሥርቶ ነው። በ1948 በብሪታንያ በታተመው ሙከራ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ተቋቋሚ ባክቴሪያ በብዙ ታካሚዎች መገኘቱም ከዚሁ ስሌት ጋር ይስማማል።

5. የሰሜን ኢትዮጵያ ጉዳይ

ከስሌቱ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው መዘግየትን ይመለከታል። የባክቴሪያው ብዛት ከ10⁸ ወደ 10⁹ ሲያድግ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ሚውቴሽን የመኖሩ ዕድል ከ2.2 ወደ 20 በመቶ ይወጣል። በ2013 የተገለጸውና ከሞላ ጎደል በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኘው የቲቢ ባክቴሪያ «የዘር ሐረግ 7» በዚህ ረገድ ትኩረት ይሻል። በ2015 በአማራ ክልል ላይ የታተመ ጥናት ይህ የዘር ሐረግ ታካሚዎች ወደ ሕክምና ከሚመጡበት መዘግየት ጋር ተያያዥነት እንዳለው አመልክቷል። መዘግየቱ የባክቴሪያውን ብዛት ምን ያህል እንደሚጨምር መለካት ለስሌቱ በቀጥታ ያገለግላል።

ሁለተኛው መቆራረጥን ይመለከታል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የጤና ተቋማት አገልግሎት ተስተጓጉሏል፤ የመድኃኒት አቅርቦትም ተቋርጧል። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ የባክቴሪያው ብዛት ያንሰራራል፤ አዲስ ሚውቴሽን የሚከሰትበት ክፍፍልም ይቀጥላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ብቻ ሲገኝ ደግሞ ጥበቃው የቆመበት ብዜት ይፈርሳል። ለአንዱ ተጋላጭ የሆኑት ሞተው ተቋቋሚዎቹ ብቻቸውን ወደ 10⁸ ካደጉ፣ ለሁለተኛው መድኃኒት ዕጣው እንደገና ይወጣል። በአንድ ጊዜ ሊወጡ የማይችሉ ሁለት ዕጣዎች በየተራ ሲሆኑ ይወጣሉ። ስለዚህ በመቐለ ዓይደር ሆስፒታልም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ ጥምር መድኃኒቱ ሳይጓደል መድረሱ ከአቅርቦት አስተዳደር ባሻገር የሥነ ዘረመል ጉዳይም ነው።

6. የስሌቱ ወሰን

ከላይ የቀረቡት ቁጥሮች ባክቴሪያዎች በእኩል ፍጥነት እንደሚራቡ፣ እንደማይሞቱና ሚውቴሽኖቹም እርስ በርስ ነጻ እንደሆኑ በማሰብ የተሰሉ ናቸው። በሳንባ ውስጥ ግን ብዙ ባክቴሪያ ይሞታል። የተፈጸሙት ክፍፍሎች ቁጥር በሕይወት ካሉት ስለሚበልጥ እውነተኛው ዕድል ከተሰላው ከፍ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል አንዳንድ ሚውቴሽኖች የባክቴሪያውን የመራባት ፍጥነት ስለሚቀንሱ ድርሻው ሊያንስም ይችላል። ቁጥሮቹ የአደጋውን መጠን የሚያመለክቱ እንጂ የአንድን ታካሚ ዕጣ የሚተነብዩ አይደሉም።

7. ማጠቃለያ

የሉሪያና የዴልብሩክ ሙከራ የሚጠይቀው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ፣ የመስታወት ሳህኖች፣ ኢንኩቤተርና ትዕግሥት ነው። የቲቢ ባክቴሪያን ማሳደግ ከፍተኛ የጥንቃቄ ደረጃ ያለው ላቦራቶሪ ቢፈልግም፣ በሽታ የማያመጣ የኢ. ኮላይ ዝርያንና ሪፋምፒሲንን በመጠቀም ዘዴውን መለማመድ ይቻላል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጅ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተባብሮ ሊሠራበት የሚችል፣ ፊዚክስን፣ ሒሳብንና ሥነ ሕይወትን በአንድ ጠረጴዛ የሚያገናኝ የምርምር መስክ ነው።

«መላመድ» የሚለው ቃል በስያሜነቱ ሊቀጥል ይችላል። ለሕክምና ዕቅድ ግን ትክክለኛው መነሻ ሌላ ነው፤ ተቋቋሚው ባክቴሪያ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት በሳንባው ውስጥ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ አይፈጥረውም፤ ብቻውን ወይም እየተቆራረጠ ሲሰጥ ግን ተቀናቃኞቹን አጥፍቶ ሜዳውን ይለቅለታል።