ዓሣው ስላለቀበት ኩሬ፤ ምክንያቱን ስለ መመርመርና ኩሬውን እንደገና ስለ ማቋቋም

በኩሬ ዓሣ የሚያረባ ሰው ማለዳ ወጥቶ፣ ማታ በደኅና የተወው ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ በውሃው ላይ ተንሳፎ ቢያገኘው፣ በመጀመሪያ በልቡ የሚመጣበት አሳብ ጠላት መረዘብኝ የሚል ነው። ወዲያውም ጎረቤቱን ከስሶ ከወረዳው ሹም ዘንድ ይቀርባል። ክሱ ከባዶ የተነሣ አይባልም፤ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነገር ነውና። ነገር ግን የኩሬ እልቂት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰው እጅ ሳይሆን ከውሃው ከራሱ ስለ ሆነ፣ ሹሙ ሰው ከማሰሩ በፊት ውሃውን ሊመረምር ይገባዋል።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው፤ ይህም እጅግ ጥቂት ነው። በባሕር ጠረፍ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍ ባለው ደጋ ከ7 ብዙ አያልፍም። ወደ 2 በወረደ ጊዜ ዓሣው ይጨነቃል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ረቂቃን ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም የዓሣውን አየር ይሻማሉ። ስለዚህ አየር ከሁሉ ይልቅ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሁለት ሦስት ቀን ደመና ከሰነበተ፣ ወይም ዕፀዋቱ በአንድ ጊዜ ሞተው ከበሰበሱ፣ የቀረው ጥቂት አየር በአንድ ሌሊት ያልቃል። በቢሾፍቱ ባሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች እንኳ በብርድ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ፣ አየር የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ ዓሣ ያለ ማንም በደል የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

በአየር እጦት የሚሞት ዓሣ ጎሕ ሲቀድ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል፤ ውሃ በሚገባበት ቦይ አፍ ይሰበሰባል፤ ታላላቁም ከታናናሹ አስቀድሞ ይሞታል። ከአየር መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መርዝ የሆነ እንደ ሆነ ቀትርም ቢሆን ሰዓት አይመርጥም፤ ታናሹም ታላቁም በአንድነት ይወድቃል። ከላይ ባለ እርሻ ላይ የተረጨ የተባይ መድኃኒት ከዝናብ ጋር ወርዶ እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ያለ ክፋት የሚደርስ ጥፋት ነውና ፍርዱም ሌላ ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የሞተውን ዓሣ ማንም እንዳይበላው፣ ከውሃ ርቆ ይቀበር።

የተረፈ ዓሣ ካለ በዚያው ሰዓት ምግብና ፍግ ይቋረጥ። ብዙ ሰው ዓሣው የደከመው ከረኃብ መስሎት ይመግበዋል፤ ይህ የቀረውን መግደል ነው። ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተንዶለዶለ ይግባ፤ በወራጁ ላይ ድንጋይ ወይም ሳንቃ ቢደረግ ውሃው ተበትኖ አየር ይዞ ይወርዳል። የኩሬው ሩብ ያህል ከታች ወጥቶ በአዲስ ይተካ።

ሁሉ ካለቀ ኩሬው ፈስሶ ወለሉ እስኪሰነጠቅ ይድረቅ፤ ጥቁሩ የገማ ጭቃ ተዝቆ ይውጣ፤ ለማሳ መልካም ፍግ ነው። ከዚያ ውሃ ያልነካው ኖራ፣ ለ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል፣ እርጥብ በሆነው ወለል ላይ ይነስነስ። ሠራተኞቹ ዓይናቸውንና እጃቸውን ይሸፍኑ፤ የኖራው ውሃም ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ አይለቀቅ።

ከዚህ በኋላ መቸኮል ከባድ ጉዳት ያመጣል። የዓሣ ኩስና ትራፊ ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይሆናል፤ ይህን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ናይትራይት የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ከነአየሩ ያንቀዋል። በቤቱ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለጌጥ የሚያኖር ሰውም በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ ዓሣው ሲያልቅበት አሸዋውንና ማጣሪያውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አጥቦ ቢያነጣው፣ የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች አብሮ ይገድላል፤ እንደገና እስኪበዙ አራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሣ፣ ጥቂት ምግብ ይበቃዋል።

ኩሬው ኖራ ከተደረገበት ሁለት ሳምንት በኋላ ውሃ ይሙላ። ውሃውም አረንጓዴ መልክ ሲይዝ አስቀድሞ አምስት ወይም ስድስት የቆሮሶ ጫጩት በመረብ ተደርጎ ሁለት ቀን በውስጡ ይቆይ። እነዚህ በደኅና ካደሩ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት እየተቆጠረ ይለቀቅ፤ ጠባቂውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እየወጣ ዓሣው ወደ ላይ እንዳይለከልክ ይመልከት።