ሐቅን ለባለሐቁ፦ የጠፋብንን ሰው በአደብ ማፈላለግ



ለእረፍት ስንሄድ መኪናችን ተበላሽቶ ከሚሴ አደርን። ገንዘብ አጥሮን ስለነበር አንድ ባለሱቅ አባት ለአልጋና ለመሳፈሪያ አበደሩን። ስንመለስ ሱቁ ተለቋል፤ የሰጡን ስልክም አይሠራም። ዕዳ ባለቤቱ ስለጠፋ አይሰረዝም፤ ፈልጎ ማድረስ የተበዳሪው ግዴታ ነው። በፍለጋው የተማርነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ እነሆ።

1. የምናውቀውን እንጻፍ። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ሥራ፣ ሰፈር፣ መጨረሻ የታዩበት ጊዜ። በአገራችን የቤተሰብ ስም ስላልተለመደ በስምና በአባት ስም ብቻ ስንፈልግ ብዙ ሞክሼ ይመጣል።

2. ስሙን በየአጻጻፉ እንፈልግ። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ብዙዎች የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይጠቀማሉ። «ሙሐመድ» እና «መሀመድ» የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉ።

3. ባለቤቱ ለሕዝብ ያወጣውን ብቻ እንይ። የሱቅ ታፔላ፣ የንግድ ገጽ፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ። ቴሌ የሚሠራ ዘመድን «ቁጥሩን አውጣልን» ማለት ግን እሱን አደራ ማስበላት ነው።

4. ሰው እንጠይቅ። የመስጊዱ ኢማም፣ እድሩ፣ የጎረቤት ሱቅ። ነጋዴ ከሆነ የባቲ ሰኞ ገበያና የሰንበቴ እሑድ ገበያ ከኢንተርኔት ይበልጣሉ። ጥያቄያችንም «ስልኩን ስጡን» ሳይሆን «የእኛን ስልክ አድርሱልን» ይሁን።

ይህን አራተኛውን ያወቅነው ከተሳሳትን በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ በቅን ልቦና የባለሱቁን ፎቶና ስም ቴሌግራም ላይ ለቆ «የዕዳ ጉዳይ አለ፤ የሚያውቃቸው ይጠቁመን» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ እጅ በእጅ ሲዞር ያዩት ሁሉ ባለዕዳው እሳቸው መሰሏቸው። በጎረቤት ሱቅ በኩል የላክነው ቁጥራችን ሲደርሳቸው ራሳቸው ደወሉ፦ «ልጆቼ፣ ገንዘቡስ ይቅር ነበር፤ ስሜን ግን አጠፋችሁት» አሉን። አጥፍተን ማስተባበያ ጻፍን፤ ገንዘቡንም ከነይቅርታችን አደረስን። የተሰራጨውን ግን ሁሉንም መሰብሰብ አልቻልንም።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ሲያገናኝም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የተፈለገው ሰው ሳይፈቅድ አድራሻው ለፈላጊው አይሰጥም። የሚሸሸው ሰው ሊኖር ይችላልና። ዘመድ የጠፋበት ካለ በአቅራቢያው ያለውን ቅርንጫፍ ይጠይቅ።

ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል፤ ሱረቱ-ን-ኑር 27ኛው አንቀጽ የሰው ቤት ከመግባት በፊት ማስፈቀድን ያዛል። ስልክ ቁጥርም የዛሬ ዘመን በር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

ለሐለቃ መወያያ፦ ማን ዘንድ ሐቅ አለብን? ስናፈላልገው ስሙን እንዴት እንጠብቅለት?

ወላሁ አዕለም።