ኮንሰንትሬተሩ የማን ቤት ነው?

ከውጭ በእርዳታ የመጣ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በአዊ ዞን እንጅባራ ወይም ዳንግላ ካለ አንድ ጤና ተቋም ደረሰ እንበል። ካርቶኑ ላይ «ኤፍዲኤ ያጸደቀው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ማኑዋል ግን የለውም። የባዮሜዲካል ባለሙያዋ ይህን ቃል በምን ታጣራለች?

ቀዳሚው የአገር ቤቱ መዝገብ ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የአሜሪካው ኤፍዲኤ መዝገብ የሚመሰክረው ስለ አሜሪካ ገበያ ብቻ ነው፤ ለእኛ አገር ፈቃድ አይሆንም። ያም ሆኖ ይጠቅማል። ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ነው፣ መሣሪያውን ማን እንደሠራውና በምን ስም እንደተፈቀደለት ይናገራል። አጠቃቀሙ ግን ሰው ያስመርራል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም በመጻፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ባዶ ገጽ ያገኛል። መዝገቡ የተሠራው ለፈቃድ ደብዳቤ ማስቀመጫ እንጂ መሣሪያ ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ስለዚህ የሚይዘው ኩባንያው ማመልከቻውን ባስገባ ቀን የጻፈውን ስም ነው። ሬስፒሮኒክስ የተባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ አምራች ፊሊፕስ የገዛው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የገባ ፋይል «ፊሊፕስ» ቢሉት አይሰማም።

መፍትሔው በአዊ ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም። በሰባት ቤት አገው ዘንድ ስሙ ብቻ የተነገረ ሰው ገና አልታወቀም፤ ቤቱ አንከሻ ነው፣ ባንጃ ነው፣ ዚገም ነው ሲባል ነው መልኩ የሚለይ። መዝገቡም እያንዳንዱን የመሣሪያ ዓይነት በሦስት የላቲን ፊደላት በሚጻፍ ኮድ በየቤቱ መድቦታል። የኮንሰንትሬተር ቤት «ሲ፣ ኤ፣ ደብሊው» ነው። የቤቱ ስም ደግሞ «ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ጄኔሬተር» ይላል፤ በጎማ እየተገፋ ከአልጋ አልጋ የሚሄደው ከባዱ ማሽን ሳይቀር እዚህ ውስጥ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። የንግድ ስሙን ትተው በዚህ ኮድ ብቻ ሲፈልጉ ባዶ የነበረው ገጽ ረጅም ዝርዝር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የአምራቹን ስም በዓይን መፈለግ ነው፤ አሮጌውንም አዲሱንም።

ፋይሉ ሲገኝ ቁጥሩን ይዩ። በላቲኑ «ኬ» ከጀመረ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው፤ 06 ማለት 2006 እ.ኤ.አ. ነው። የ«ኬ» ፈቃድ የሚሰጠው መሣሪያው ቀድሞ ገበያ ላይ ከነበረ ሌላ መሣሪያ ጋር በመሠረቱ እኩያ ነው ሲባል ነው። «አጸደቀ» የሚለው ቃል በዋናነት የሚገባው አደጋቸው ከፍ ላለ፣ ቁጥራቸው በ«ፒ» ለሚጀምር መሣሪያዎች ነው። የድርጅቶች ምዝገባ ገጽ ደግሞ ሌላ ነው፤ አምራቹ ስሙንና የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ማስገባቱን እንጂ መሣሪያው መመርመሩን አያሳይም። ኤፍዲኤ ለሕክምና መሣሪያ የምዝገባ ሰርተፊኬት አይሰጥም። ንስርና ማኅተም ያለበት ያማረ ወረቀት ከሻጭ ሲቀርብልዎ ይህንን ያስታውሱ።

ከገበያ ወይም ከአገልግሎት እንዲመለሱ የተጠሩ መሣሪያዎች በሌላ ገጽ ይፈለጋሉ። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ በውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ታካሚው አየር ሊገባ ስለሚችል ብዙ የመተንፈሻ ማሽኖቹን ጠርቷል፤ ትሪሎጂ 100 የተባለው ቬንቲሌተር አንዱ ነው። የኩባንያው ኮንሰንትሬተሮች ግን በጥሪው አልተካተቱም። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ የአምራቹ ስም ብቻ አይበቃም፤ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥርና የተመረተበትን ቀን ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ንጹሕ ቢወጣ እንኳ መዝገቡ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለአዊ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ኮንሰንትሬተር አየርን ጨምቆ ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ያስቀራል፣ የቀረውን ኦክስጅን ለታካሚው ይሰጣል። አየሩ ሲሳሳ የሚጨመቀውም ያንሳል። ብዙ የታወቁ ኮንሰንትሬተሮች እንዲሠሩበት የተመደበላቸው ከፍታ እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። ያው ማሽን፣ በዚያው ፈቃድ፣ በአንድ ዞን ውስጥ ዳንግላ ላይ ከወሰኑ በታች ሆኖ እንጅባራ ላይ ከወሰኑ በላይ ይሆናል። እንጅባራ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው።

የከፍታው ወሰን በፍለጋው ዝርዝር ላይ አይወጣም። አንዳንዴ ከፋይሉ ጋር በተያያዘው ማጠቃለያ ሰነድ ይገኛል፤ አስተማማኙ ግን የአምራቹ ማኑዋል ነው፤ ሞዴሉ በትክክል ከታወቀ ማኑዋሉን ከኢንተርኔት ማውረድ አያስቸግርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮንሰንትሬተር ያስቀመጠው ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን 82 በመቶ ነው። ማሽኑ ታካሚ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ የሚያገለግልበት ክፍል ውስጥ ሙሉ ፍሰቱ ላይ ተከፍቶ፣ ለመሞቅ ጊዜ ተሰጥቶት፣ መውጫው ላይ በኦክስጅን መለኪያ ይለካ። ከ82 በታች ካነበበ ፍሰቱን ቀንሶ ደግሞ መለካት ነው፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ለእንጅባራ አልተሠራም፣ ለዳንግላ ግን ሊሆን ይችላል።