የጉዞ ዋጋና የለቡ ገበያ

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ጉዞ ከሌላ ፍላጎት የሚመነጭ ፍላጎት ነው። ይኸውም ማንም ሰው ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አምሮት አይሳፈርም፤ የሚፈልገው መርካቶ ያለውን ዕቃ ወይም ሜክሲኮ ያለውን ቢሮ ነው። ስለሆነም ጭሱን ለመቀነስ የሚሻ መኪናውን ብቻ ሳይሆን የጉዞውን ምክንያት መመርመር ይኖርበታል።

ለቡን እንመልከት። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር መንገደኞች የሚሳፈሩበት የፉሪ ለቡ ጣቢያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ግን ለቡ አይደርስም። የሰፈሩ ሰው በባቡር ድሬዳዋ ይወርዳል፤ መርካቶ ለመድረስ ግን የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። አቅም ያለው መኪና ይገዛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የለቡ ነጋዴ መርካቶ ደርሶ ሲመለስ 20 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን ቢበላ፣ በቀን 2 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ይመላለስ የነበረው ሰው አራት ቀን ብቻ ቢሄድ፣ የቀረውን በስልክ አዝዞ በቴሌብር ቢከፍልና ዕቃውን ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ አይሱዙ ቢያስጭን፣ የአይሱዙው ድርሻ ሳይቀነስ 4 ሊትር ቤንዚንና 9.2 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተርፋል።

“የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ምን ያስጨንቃል?” የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪኩ መኪና አስፋልቱ ላይ የሚይዘው ቦታ ከቤንዚኑ አያንስም። ከኋላው የተሰለፈው ሚኒባስ ቆሞ ናፍጣ ያቃጥላል።

ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መሐል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ በቀን 5 ፓውንድ ስትጥል፣ አስቀድማ አውቶቡሶቿን አብዝታ ነበር። አውቶቡስ በሌለበት እንዲህ ያለ ክፍያ ቅጣት እንጂ ዋጋ አይባልም።

ለቡ ላይ አፓርታማ የሚያስገነባ ባለሀብት ግን አውቶቡሱን መጠበቅ የለበትም። ግራውንዱን ለሱቅ፣ ለክሊኒክና ለመዋዕለ ሕፃናት ቢያከራይ፣ ነዋሪው ለነዳጅ ያወጣው ከነበረው ገንዘብ ከፊሉ በኪራይ መልክ ወደ እርሱ ይመጣል። ደላላውም “ከአስፋልት ቅርብ ነው” ከማለት ይልቅ ትምህርት ቤቱና ገበያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬዱ ለገዢው ቢነግር፣ የሚደራደርበት አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል።