ትኩሳቱ ሲመለስ፦ ምርመራው ምን ይፈልጋል?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ዶዮገና ስገባ የአጎቴ ልጅ ታሞ ጠበቀኝ። አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነበር፤ ከስድስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለሦስት ይለብሳሉ። እዚያው ሳለ አንድ ክሊኒክ ደሙን መርምሮ “ታይፎይድና ታይፈስ” ብሎት መድኃኒት ሰጥቶታል። (እነዚህን ሁለት ስሞች አንድ ላይ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!) ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ዳነ ተባለ። አገሩ በገባ በሳምንቱ ግን እንደገና ያንቀጠቅጠው ጀመር። እናቱ “የዶዮገና ብርድ ነው፣ ለምዶት ስለጠፋ ነው” አሉ።

ብርዱ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስንወስደው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ለወባ ምርመራ እንደሚደረገው ከጣቱ ደም ወስዳ መስታወት ላይ ቀባች። በማይክሮስኮፕ ያየችው ግን ወባ ሳይሆን እንደ ጥምዝ ክር ያለ ነገር ነው፤ ቦሬሊያ የተባለ ባክቴሪያ። በሽታው የሚያገረሽ ትኩሳት ወይም ሪላፕሲንግ ፊቨር ይባላል። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህንኑ ክር በበሽተኞች ደም ውስጥ ማየቱን የጻፈው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለ ላይም በሽታ በሬዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ላይም በምትባል ከተማና አካባቢዋ ሕፃናት መገጣጠሚያቸውን እያመማቸው ነው የታወቀው። የሚያስተላልፈው መዥገር ነው፣ ተዋሲያኑም ሌላ የቦሬሊያ ዘር ነው። ምርመራቸው ግን ይለያያል። የላይም ተዋስያን ደም ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የሚፈለገው ሰውነት በሽታውን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል፣ ከታየ በኋላም ሰውዬው ድኖም ሊቆይ ይችላል። የኛው ግን ትኩሳቱ በተነሳበት ቀን ደም ውስጥ ስለሚበዛ ዓይን ያየዋል። ትኩሳቱ ሲለቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። አልጠፋም፤ የላይ ሽፋኑን ቀይሮ ሰውነት እንዳያውቀው ሆኖ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። በመሀሉ “ደህና ነኝ” ባለበት ቀን የተመረመረ ሰው ነፃ ነህ ቢባል አይገርምም።

ወደዚያ ክሊኒክ ልመለስ። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ.፣ ለታይፈስ የሚደረገው ዌይል ፌሊክስ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሁለቱም የሚያዩት ዱካ ነው። ጅቡ ትናንት ይለፍ አምና አንድ ዱካ ብቻውን አይናገርም። ይባስ ብሎ ዌይል ፌሊክስ የሚሠራው በራሱ በታይፈስ ተዋስያን ሳይሆን ፕሮቲየስ በተባለ በሌላ ባክቴሪያ ነው! እኔ ይህን ሳነብ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው፣ በስፌት ውስጥ የሚደበቀው። ንክሻው ሳይሆን ዋናው ጉዳት መጨፍለቁ ነው፤ በጥፍር ሲደፈጠጥ ተዋስያኑ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ልብስ መቀቀል እንጂ ቅማል በጥፍር መግደል መፍትሔ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ በየካምፑ በታጨቁ ወታደሮች መካከል ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው ጀርመንና ጣሊያን በደረሱ ስደተኞች ላይ ተገኝቷል።

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዶዝ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃል። ነገር ግን ተዋስያኑ በአንዴ ሲሞት በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። በዚህ የሚሞትም አለ፣ ስለዚህ መርፌ ወስዶ ወዲያው ወደ ቤት መሄድ አይገባም። የአጎቴ ልጅ ሲንቀጠቀጥ እናቱ “ገደሉት!” ብለው ጮኸው ነበር። ነርሷ አስቀድማ ባትነግረን እኔም እጮህ ነበር። እስከ ማታ ተኝቶ ተጠበቀ።

በማግስቱ ልብሱ በትልቅ ድስት ሲቀቀል አዲስ አበባ ደወለ። አብረውት ከሚኖሩት ስድስቱ ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው። ምን ተባላችሁ ብሎ ሲጠይቅ አንደኛው ወረቀቱን አነበበለት፦ ታይፎይድና ታይፈስ።